በሐይቅ ላይ የጠፋው ታላቅ መርከብ፦ ከጣና ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለረጅም ዓመታት በጣና ላይ ጀልባ ነድቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ባሕር ዳር ለወጣት ጀልባ ነጂዎች ስለ ውኃ ላይ ደኅንነት አስተምራለሁ። ትምህርቱን ሁልጊዜ የምጀምረው በኤድመንድ ፊትዝጀራልድ ታሪክ ነው። ታሪኩ ከክፍል ወጥቶ ይሄዳል፤ ወላጆች፣ የዘጌ ቡና ነጋዴዎች፣ ከደቅ ደሴት ለገበያ የሚሻገሩ እናቶች ጭምር መንገድ ላይ አስቁመው ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመላለሱ መልሶቹን እዚህ አስቀምጫቸዋለሁ። ቀኑም ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ነው።

ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ ምን ዓይነት መርከብ ነበር?

በአሜሪካና በካናዳ መካከል በተዘረጉት ታላላቅ ሐይቆች ላይ የብረት ማዕድን የሚያመላልስ የጭነት መርከብ ነበር። ግንቦት 30 ቀን 1950 ዓ.ም. ሚቺጋን ውስጥ ከተሠራበት ቦታ ወደ ውኃ ሲወርድ በሐይቆቹ ላይ ከነበሩት መርከቦች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር። ርዝመቱ 222 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር ነው። ይህን በዓይነ ኅሊናው ማየት ለሚፈልግ ባሕር ዳር ላለ ሰው አዲሱን የዓባይ ድልድይ አሳየዋለሁ። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፤ መርከቡ ከድልድዩ ከግማሽ በላይ ይሸፍን ነበር።

በመጨረሻው ጉዞው ከ26,000 ቶን በላይ የብረት ማዕድን ጭኖ ነበር። አንድ ከባድ የጭነት መኪና 40 ቶን ይይዛል ብንል 650 መኪና ማለት ነው።

ሐይቅ እንዴት ይህን ያህል መርከብ ይውጣል? በባሕር ላይ ቢሆን ይገባኝ ነበር።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። «ሐይቅ» ሲባል በጆሯችን የረጋ ውኃ ነው የሚመጣው። አባቶቻችን ግን እንዲያ አላዩትም፤ ከተማችንን ባሕር ዳር አሏት እንጂ ሐይቅ ዳር አላሏትም።

መርከቡ የሰመጠበት የሱፒሪየር ሐይቅ ስፋት 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሃያ ጣና በላይ ይይዛል። ጣና በጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሱፒሪየር ጥልቁ ቦታ 406 ሜትር ይደርሳል። ከጥልቀቱ ይልቅ መርከበኛን የሚያስጨንቀው ግን ርዝመቱ ነው። ሞገድ የሚያድገው ነፋስ ውኃውን እየገፋ በሚሮጥበት ሜዳ ልክ ነው፤ ሜዳው በረዘመ ቁጥር ሞገዱ ይገዝፋል። ሱፒሪየር ከጫፍ እስከ ጫፍ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ነፋስ እንደ ልቡ ይሮጥበታል። በዚያ ላይ የሐይቅ ሞገድ ከውቅያኖስ ሞገድ ይልቅ ተቀራርቦ ይመጣል፤ መርከቡ ከአንዱ ሳያገግም ሌላው ይደርስበታል። ጣና ላይ የነዳ ሰው ይህን አጥንቱ ያውቀዋል። የእኛ ሞገድ ቁመቱ ትንሽ ቢሆንም ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ቀጥ ብሎና ተደራርቦ ይመጣል፤ እረፍት አይሰጥም።

ወቅቱም ሌላ ነው። ለእኛ የጥቅምት መጨረሻ ዝናቡ ያበቃበት፣ ሰማዩ የጠራበት፣ እሸት የሚበላበት ጊዜ ነው። በእነርሱ ዘንድ ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ከደቡብ ከሚመጣው ሞቃት አየር ጋር የሚጋጭበት፣ መርከበኞች ከዓመቱ ሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ጊዜ ነው።

መርከቡ የጠፋው እንዴት ነው?

ጥቅምት 29 ቀን 1968 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በሐይቁ ምዕራባዊ ጫፍ ካለው ሱፒሪየር ከተባለ ወደብ ተነሣ፤ የሚሄደው ወደ ዲትሮይት አካባቢ ነው። ሲነሣ የነፋስ ማስጠንቀቂያ ገና አልወጣም ነበር። ማስጠንቀቂያው የወጣው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ወደ ማዕበል ማስጠንቀቂያ ከፍ ተደረገ። ካፒቴኑ ኧርነስት ማክሶርሊ በአጭሩ መንገድ አልሄደም። በስተ ሰሜን የካናዳን ዳርቻ ታኮ፣ የብሱ ነፋሱን እንዲከልልለት ረጅሙን መንገድ መረጠ። ከኋላው አርተር አንደርሰን የተባለ ሌላ የጭነት መርከብ ይከተለው ነበር፤ ሁለቱ ካፒቴኖች በሬዲዮ ይነጋገራሉ።

በማግስቱ ጥቅምት 30 ነፋሱ አቅጣጫውን ቀየረ፤ የብሱም መከለሉን ተወ። ከቀኑ 9:30 ገደማ ማክሶርሊ ለአንደርሰን በሬዲዮ ሦስት ነገር ነገረው፦ የመርከቡ የጎን አጥር ወድቋል፣ ሁለት የአየር ማስገቢያዎች ተጎድተዋል ወይም ጠፍተዋል፣ መርከቡም ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ፓምፖቹ እየሠሩ መሆናቸውንም ተናገረ። ከዚያ ፍጥነቱን ቀንሶ አንደርሰን እንዲቀርበው አደረገ።

ከቀኑ 10:10 ገደማ ሁለቱም ራዳሮቹ ጠፉ። ጨለማ እየቀረበ፣ በሚነፍስ በረዶ ውስጥ ዓይኑን ያጣ መርከብ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ አቅጣጫ የሚነግረው አንደርሰን ነበር። መጠለያ ሊሆነው ወደሚችለው ወደ ኋይትፊሽ የባሕር ወሽመጥ መግቢያ የሚመራው የሬዲዮ ምልክትም በማዕበሉ ምክንያት ተቋርጦ ነበር። ማክሶርሊ በአካባቢው ከነበረ ሌላ መርከብ ጋር ሲነጋገር፣ በሕይወቱ ካያቸው ክፉ ማዕበሎች አንዱ መሆኑን ተናግሯል። ይህን ያለው ከ40 ዓመት በላይ በውኃ ላይ የኖረ የ63 ዓመት ሰው ነው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁለት ግዙፍ ሞገዶች አንደርሰንን ከኋላው ወጡበት፤ ካፒቴኑ ከ9 ሜትር በላይ እንደነበሩ ገምቷል። ሞገዶቹ አንደርሰንን አልፈው ፊትዝጀራልድ ወዳለበት አቅጣጫ ሄዱ። 1:10 ላይ የአንደርሰን ምክትል ኃላፊ ስለ ችግሩ እንዴት እንደሆነ ማክሶርሊን ጠየቀው። መልሱ «እየተቋቋምነው ነው» የሚል ነበር። ጥቂት ደቂቃዎች አለፉ፤ በረዶው ሲገፈፍና ራዳሩ ሲጠራ በስክሪኑ ላይ ፊትዝጀራልድ አልነበረም። ወደ መጠለያው 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የቀረው። 29 ሰዎች ተሳፍረውበት ነበር፤ ካፒቴኑን ጨምሮ ሊጦሩ የደረሱ አዛውንቶችና በ20ዎቹ መጀመሪያ ያሉ ወጣቶች። አንድም አልተረፈም።

ብረት ይሰምጣል። ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን አንሳፈፈው?

ይህን ለመመለስ ክፍሉን ይዤ ወደ ዳር እወርዳለሁ። ወይጦዎች የሚሠሩትን የደንገል ታንኳ እናያለን። የደንገሉ ግንድ ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ አየር ሞልቶታል። ውኃ በግንዶቹ መካከል ሽቅብ ይገባል፣ ቁልቁል ይወጣል፤ ቀዛፊው እግሩ ርሶ ይውላል እንጂ ታንኳው አይሰምጥም። የሚከብደው ደንገሉ ራሱ ውሎ አድሮ ውኃ ሲጠጣ ነው፤ ያኔ ከውኃ አውጥተው ያደርቁታል፣ ሲያረጅም በሌላ ይተኩታል። ታንኳ የሚንሳፈፈው በገላው ነው። የብረት መርከብ ግን ገላው ከውኃ ስለሚከብድ የሚንሳፈፈው በውስጡ ባለው ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ መርከበኛ የሚጠብቀው ሀብት ያ ባዶ ቦታ ነው። ወደዚያ የሚያስገባ ክዳን፣ ቱቦ፣ ስንጥቅ ሁሉ የሞት በር ነው።

ከዚያ ወደ ክፍል ተመልሰን ሰፊ ትሪ አመጣለሁ። አራት ብርጭቆ ውኃ በትሪው ላይ አፈሳለሁ፤ አንዱን ተማሪ ከጥቁር ሰሌዳው እስከ በሩ ይዘህ ሂድ እለዋለሁ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ትሪው ጥቂት ያዘነብላል፤ ውኃው ሁሉ ወደዚያው ጎን ይሮጣል፤ በሮጠ ቁጥር ይበልጥ ያዘነብላል፤ ልጁ ጫማው ላይ ይደፋዋል። ቀጥሎ ያንኑ ያህል ውኃ በአራት ብርጭቆ አድርጌ በዚያው ትሪ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ጠብታ ሳይፈስ በሩ ጋ ይደርሳል። የፊትዝጀራልድ የጭነት ክፍል በሦስት የተከፈለ ነበር፤ ነገር ግን ክፋዮቹ ውኃ የማያሳልፉ አልነበሩም። በአንዱ የገባ ውኃ በሌላው ይዘዋወራል። መርከቡ ብርጭቆ ሳይሆን ትሪ ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻ ምክንያቱ ተለይቶ ታወቀ?

ሦስት መልስ ተሰጠ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በ1969 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ የጭነት ክፍሉ ክዳኖች በሚገባ ስላልተዘጉ ውኃ ቀስ በቀስ ገብቶ መርከቡን ዝቅ አድርጎታል አለ። ብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ክዳኖቹ በግዙፍ ሞገድ ክብደት ተሰብረው ውኃው በአንድ ጊዜ ጎርፏል ወደሚለው አዘነበለ። የመርከብ ባለንብረቶች ማኅበር ሁለቱንም አልተቀበለም፤ መርከቡ በካሪቡ ደሴት አጠገብ ጥልቀት በሌለው ድንጋያማ ቦታ ላይ ሆዱን ፈግፍጎ ተቀድዷል የሚል ነው። የአንደርሰን ካፒቴንም በራዳር ሲከታተለው ፊትዝጀራልድ ለዚያ ቦታ ከሚገባው በላይ ቀርቦ እንዳለፈ ያምን ነበር። በኋላ በተደረገ የካናዳ ቅየሳ ድንጋያማው ቦታ በካርታው ላይ ከሚታየው አልፎ ወደ ምሥራቅ እንደሚዘረጋ ታይቷል።

ባለንብረቶቹ ክዳኑን ነጻ የሚያወጣ ምክንያት ቢመርጡ አይገርመኝም፤ ክዳንን መዝጋት የባለንብረትና የሠራተኛ ኃላፊነት ነውና። ቢሆንም ድንጋዩን ከሐሳቤ አላወጣሁትም። በዕለቱ ከነበሩት ሁሉ ቅርብ የነበረው ሰው ያየው ነገር ነው።

ስለ ክዳኖቹ አንድ ነገር ልጨምር። ክዳኖቹ 21 ነበሩ፤ እያንዳንዱ በእጅ የሚጠበቁ 68 መቆንጠጫዎች አሉት። በድምሩ 1,428 መቆንጠጫ ነው። ቀኑ ብሩህ ሆኖ ከወደብ ሲወጡ ይህን ሁሉ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ማጥበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም ጀልባውን ከማሰሩ በፊት ጎኑን ያጠበ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ጥቂቱን መተው ቀላል ነው። በዚያ ላይ ከ1961 እስከ 1966 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የመጫኛ ልክ ደንቡ ተደጋግሞ በመሻሻሉ መርከቡ በፊት ከሚፈቀድለት ወደ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲጭን ተፈቅዶለት ነበር። 1 ሜትር ለ222 ሜትር መርከብ ምንም አይመስልም፤ ለሞገድ ግን በመርከቡ ወለል ላይ የመውጫ ደረጃ ነው።

በጭነት ክፍሉ ውስጥ ውኃ መግባቱን የሚያሳይ መሣሪያም አልነበረም። ማክሶርሊ «እየተቋቋምነው ነው» ሲል አልዋሸም። ከእግሩ ሥር ያለውን ውኃ የሚያይበት ዓይን አልተሰጠውም ነበር።

ጥፋቱ የካፒቴኑ አይደለም?

እኔ እንዲህ አልልም። ረጅሙን መንገድ መርጧል፣ ጉዳቱን ደብቆ አልያዘም፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ረዳት አቅርቧል፣ የጫነውም ደንቡ በፈቀደለት ልክ ነው። ራሱን መከላከል ለማይችል ሰው ቢያንስ ያደረገውን በትክክል መናገር ይገባል።

ለምን የድረሱልኝ ጥሪ አላሰማም?

ጊዜ አላገኘም። ፍርስራሹ የተገኘው 162 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነው፤ መርከቡ ደግሞ 222 ሜትር ነው። አፍንጫው ቁልቁል ቢተከል የሐይቁን ወለል ሲነካ ኋላው ገና ከውኃ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ አወዳደቅ ሬዲዮ ለማንሣት ፋታ አይሰጥም። አሁን ሁለት ቦታ ተቆርጦ ተኝቷል፤ የፊቱ ክፍል ቀጥ ብሎ፣ የኋላው ክፍል ተገልብጦ።

የሄደላቸው ሰው አልነበረም?

ነበር፤ ይህን ሳልናገር ክፍሉን አልዘጋም። አንደርሰን በሰላም ኋይትፊሽ ደርሶ ነበር። የመርከቡ ካፒቴን ጄሲ ኩፐር ፊትዝጀራልድ ከራዳሩ መጥፋቱን ለጠረፍ ጠባቂው ደጋግሞ አስታወቀ። ጠረፍ ጠባቂው በአካባቢው የሚልከው የሚበቃ መርከብ ስላልነበረው ኩፐርን ተመልሰህ ፈልጋቸው አለው። ኩፐር ገና አሁን ያመለጠበትን ማዕበል በሚገባ ያውቀዋል፤ የራሱም ሠራተኞች ሕይወት በእጁ ነው። መርከቡን አዞረና ወደ ጨለማው ተመለሰ። በወሽመጡ ውስጥ ተጠልለው ከነበሩት መርከቦች ዊልያም ክሌይ ፎርድ የተባለው አብሮት ወጣ። ያገኙት የተጨረማመቱ ሕይወት አድን ጀልባዎችና ባዶ የጎማ ታንኳዎች ነበር። ፍርስራሹ ያለበትን ቦታ ከአራት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 4፣ የባሕር ኃይል አውሮፕላን አገኘው።

አስከሬናቸውስ?

አልወጣም። ውኃው እጅግ ቀዝቃዛና ጥልቅ ነው። ቤተሰቦቻቸው ቦታውን እንደ መቃብር ያዩታል፤ የካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገርም ያለ ፈቃድ ማንም እንዳይጠልቅበት በሕግ ጠብቆታል።

ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ?

በሐይቆቹ ላይ የሚሄዱ ትልልቅ መርከቦች ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ እንዲኖራቸው ተደነገገ፤ ፊትዝጀራልድ አልነበረውም። ከቀዝቃዛ ውኃ የሚከላከል የመዳኛ ልብስ ለሠራተኞች መስጠት ግዴታ ሆነ። መርከብ ሲሰምጥ ያለበትን ቦታ በራሱ የሚያስታውቅ የሬዲዮ መሣሪያም መጣ። የማዕበሉ ወቅት ከመግባቱ በፊት ክዳኖችና የአየር ማስገቢያዎች በየዓመቱ መመርመር ጀመሩ።

ልጄ መርከበኛ ሊሆን ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልከልክለው?

ይህን የሚጠይቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ፣ ትምህርቱ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ቢሰጥም፣ ከዚህ አካባቢ ብዙ ልጆችን ስቧል። እናቴ፣ አይከልክሉት። ዛሬ መርከብ ከሳተላይት የአየር ትንበያ ይቀበላል፤ የት እንዳለም በየደቂቃው ይታወቃል።

ግን አደጋ ቀርቷል ብዬ አልዋሽዎትም። መስከረም 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ኤል ፋሮ የተባለ 241 ሜትር የሚረዝም የጭነት መርከብ በባሃማስ ደሴቶች አጠገብ ሆአኪን በተባለ አውሎ ነፋስ ውስጥ ሰጠመ፤ 33 ሰዎች ሞቱ። ከወራት በኋላ ከ4,600 ሜትር ገደማ ጥልቀት በወጣው የድምፅ መቅጃ እንደተሰማው፣ ካፒቴኑ ይመለከተው የነበረው የአየር ትንበያ በሰዓታት ያረጀ ነበር፤ ምክትሎቹም መንገዱ እንዲቀየር አሳስበውት ነበር። መርከቡ የተሠራው ፊትዝጀራልድ በሰመጠበት በ1975 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን ሕይወት አድን ጀልባዎቹም እንደ ዕድሜው ክፍት ነበሩ። ስለዚህ ልጅዎ ሥራ ሲያገኝ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን የመርከቡን ዕድሜና የሕይወት አድን ጀልባውን ዓይነት ይጠይቅ፤ ዙሪያውን የተዘጋ መሆን አለበት። የበላዩን በአክብሮት «ይህ ትክክል አይመስለኝም» ብሎ መናገርንም ከአሁኑ ያስለምዱት። እኛ ልጆቻችንን ዝም እንዲሉ አድርገን ነው የምናሳድገው፤ በመርከብ ላይ ግን ዝምታ ጨዋነት አይደለም።

ይህ ሁሉ ለጣና ጀልባ ምን ያደርጋል?

ጣና ጠዋት መስተዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን ሌላ ሐይቅ ይሆናል፤ ከዘጌ ወይም ከደቅ ሲመለሱ ያመሹ ሁሉ ያውቁታል። በማለዳ ይውጡ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ይመለሱ። ነጂው ዛሬ አንሄድም ካለ አይለምኑት፣ ገንዘብም አይጨምሩለት።

አንድ ጊዜ ተሳፋሪ ሆኜ በሄድኩበት ጀልባ ላይ የሕይወት አድን ጃኬቶቹን ፈለግኋቸው። ነበሩ። አሥራ ሁለት ጃኬት በአንድ የናይለን ገመድ ተጠፍሮ፣ ከሁለት ኩንታል እህል ሥር ተጎዝጉዟል፤ ቋጠሮው ከመርጠቡ ብዛት ጠንክሮ በጥርስም አልፈታ አለኝ። ሞገዱ ቢነሣ ያን ቋጠሮ የሚፈታ ማን ነው? ከዚያን ቀን ወዲህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያ ፈተና ጃኬት ቆጥሮ ማሳየት ሳይሆን ለብሶ ማሳየት ነው። ተሳፋሪም ሲሳፈር «ጃኬቴን» ብሎ ይጠይቅ፤ ይልበሰውም። ጀልባው ከውኃው በላይ የቀረውን ጎን በስንዝር ይለካ፤ የመጨረሻው ኩንታል ሲጫን ስንት ጣት እንደወረደ ይመልከት። የፊትዝጀራልድ 1 ሜትር በእኛ ጀልባ ላይ ይህ ነው።

የመርከቡ ደወል ወጣ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የሟች ቤተሰቦች መታሰቢያ የሚሆን ነገር እንዲወጣላቸው ጠይቀው፣ ሰኔ 27 ቀን 1987 ዓ.ም. ደወሉ ከፍርስራሹ ተነሥቶ ወጣ፤ አሁን በኋይትፊሽ ባለው የመርከብ አደጋዎች ሙዚየም ይታያል። መርከቡ በጠፋ ማግስት ዲትሮይት የሚገኝ የመርከበኞች ቤተ ክርስቲያን ደወሉን 29 ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ። ይህን ስናገር ከዑራ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ የመጡ ልጆች ወዲያው ዝም ይላሉ፤ በገዳማቱ ተንጠልጥሎ በድንጋይ የሚመታውን የድንጋይ ደወል ድምፅ በውኃ ላይ እየሰሙ ነው ያደጉት።

ደወሉ ከወጣ በኋላ ቦታው ባዶ አልቀረም። የ29ኙ ስም የተቀረጸበት ሌላ ደወል ተሠርቶ፣ ወደ ታች ወርዶ በመርከቡ ላይ ተተክሏል።